የሐይቅ ዳር ቤት ስትገዙ ሐይቁን ማን ይጠብቀዋል? የሬስተን ምሳሌ

በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ለመግዛት የሚዞር ሐበሻ አንድ ቀን ሬስተንን ማየቱ አይቀርም። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርቡ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ የሚያርፈው እዚያ ነው። የሜትሮው ሲልቨር መስመር በ2014 ሬስተን ደረሰ፤ በ2022 ደግሞ አልፎ ደለስ ገባ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሪልተሩ፣ ማለትም የቤት ደላላው፣ ሁለት ሦስት ቤት ካሳያችሁ በኋላ ሐይቅ ዳር ወዳለ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ይዟችሁ ይሄዳል። በረንዳው ላይ ስትወጡ ከፊታችሁ ውሃ አለ፤ ከማዶ ዛፍ አለ፤ ሰው በታንኳ እየቀዘፈ ያልፋል። ልብ እዚያው ይቀራል።

እኔ በዚያች ሰዓት እንዲጠየቅ የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ሐይቅ የማን ነው? ደለሉን ማን ያወጣዋል? ግድቡ ሲያረጅስ ማን ያድሰዋል? መልሱ አጭር ነው፤ እናንተ ናችሁ፣ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር። የቤቱን ውል ስትፈርሙ ሐይቁን የመንከባከብ ግዴታም አብሮ ይፈረማል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም። እንዲያውም ሬስተን ይህን ሁሉ ዓመት አምሮ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሰው የፈረመውን ነገር አውቆ ይፈርም።

ታሪኩን ሳያውቁ ደንቡን መረዳት ስለሚከብድ ከዚያ ልጀምር። በ1961 ሮበርት ሳይመን የሚባል የኒው ዮርክ የሪል ስቴት ሰው በፌርፋክስ ካውንቲ 6,750 ኤከር መሬት ገዛ። ቤተሰቡ ካርኔጊ ሆል የተባለውን ዝነኛ የሙዚቃ አዳራሽ ለኒው ዮርክ ከተማ ሸጦ ነበር፤ መሬቱ የተገዛው በዚያ ሽያጭ ገንዘብ ነው። ቦታው ያኔ ጫካና እርሻ ነበር፤ የውስኪ መጥመቂያም ነበረበት። የስሙን የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላት (R. E. S.) ወስዶ ሬስተን አለው።

በዘመኑ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሠራው ሰፈር አንድ ዓይነት ነበር። ቤት፣ ቤት፣ ቤት፤ ሱቅ የለም፣ ሥራ የለም፣ መኪና የሌለው ሰው መላወሻ የለውም። ሳይመን የፈለገው ሌላ ነው። ሰው እዚያው ይኑር፣ እዚያው ይሥራ፣ እዚያው ይዝናና አለ። አፓርታማ፣ ታውንሃውስና ቪላ ተቀላቅለው ይሠሩ፤ በወጣትነቱ የገባ ሰው ሲያረጅ ቤት እንጂ ሰፈር አይቀይር አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ቤቱ ለማንኛውም ዘር ክፍት ይሁን አለ። ቦታው ቨርጂኒያ መሆኑን ልብ በሉ። የጥቁርና የነጭ ጋብቻ በሕግ የተከለከለበት ስቴት ነበር፤ ክልከላው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1967 ነው። በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው የፌደራል ሕግ ደግሞ በ1968 ወጣ። ሬስተን ግን በ1964 ተመሥርቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ነዋሪዎች ተቀብሏል። ይህን የማነሳው፣ ዛሬ እኛ ያለ ጥያቄ ገብተን የምንኖርበትን በር ቀድሞ የከፈተው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

የመጀመሪያው ሰፈር የተሠራው ሐይቅ አን ዳር ነው። ስሙ የሳይመን የያኔዋ ባለቤት ስም ነው። አደባባዩ በግማሽ ክብ ውሃውን ያቅፈዋል፤ ከታች ሱቅና ካፌ፣ ከላይ መኖሪያ ቤት አለ። ከጎኑ ሄረን ሃውስ የሚባል ረጅም ፎቅ ይታያል። ቦታው በጣም ያምራል፤ በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ንግዱ ግን መጀመሪያ ላይ አልቀናም። ቤቶቹ ቶሎ አልተሸጡም፤ ገንዘብ ያበደረው የነዳጅ ኩባንያ ገልፍ ኦይል በ1967 ሥራውን ወስዶ ሳይመንን አሰናበተው። በ1978 ደግሞ ሌላው የነዳጅ ኩባንያ ሞቢል ገዛው። ያም ሆኖ ዋናው ፕላን አልተጣለም። ሳይመን በ1993 ተመልሶ መጥቶ ሄረን ሃውስ ውስጥ ኖረ፤ በ2015 በ101 ዓመቱ አረፈ። አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልት አለው፤ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሳል።

ሐይቁ ራሱን አይጠብቅም

እኛ ሐይቅ ሲባል የሚታየን ጣና ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ባቦጋያ ነው። የተፈጥሮ ናቸው፣ የሕዝብም ናቸው። ሬስተን ውስጥ ያሉት አራቱ ሐይቆች፣ አን፣ ቶሮ፣ ኦዱቦንና ኒውፖርት፣ ሰው የሠራቸው ናቸው። ጅረት ያለበት ሸለቆ ተፈልጎ በግድብ ተዘጋ፤ ውሃው ተጠራቀመ። ባለቤታቸውም ካውንቲው ወይም ስቴቱ አይደለም። የነዋሪዎቹ ማኅበር ነው፤ ሬስተን አሶሲዬሽን ይባላል።

ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ መሙላት ይጀምራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ጫካ በነበረ ጊዜ ዝናቡ ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰርግ ነበር። አሁን ጣሪያ፣ አስፋልትና የመኪና ማቆሚያ አለ። ውሃው የሚሰርግበት ስለሌለው ወደ ቱቦ ይሮጣል፣ ከቱቦው ወደ ጅረቱ ይወረወራል። ኃይል ስላለው የጅረቱን ዳርቻ እየቦረቦረ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን ያጣል፤ የተሸከመውን እዚያው ይጥላል። በሐምሌ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጅረት ወደሚገባበት የሐይቁ ጥግ ሄዳችሁ እዩ። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ይገባል። በማግስቱ ይጠራል፤ አፈሩ ግን የትም አልሄደም፣ ታች ተኝቷል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጥጉ ይደርቃል፣ ሳር ይበቅልበታል፣ ታንኳ ያልፍበት የነበረው ቦታ ላይ ወፍ ይቆምበታል።

ስለዚህ በየጊዜው ደለሉ መውጣት አለበት። ይህ ደግሞ አካፋ ይዞ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ማሽን ይገባል፤ ጭቃው ይወጣል፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ይጠበቃል፣ ከዚያ በከባድ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ጭቃውን የት ማድረቅና የት መጣል እንደሚቻል ማግኘት ብቻ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በሌላ ሰፈር ያለ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮውን ለጣሪያና ለመንገድ ያስቀምጣል። ሐይቅ ያለው ማኅበር ደግሞ ለጭቃም ማስቀመጥ አለበት።

የተሻለው መንገድ አፈሩን ሐይቁ ሳይደርስ ማስቆም ነው። ሬስተን ከ2008 ገደማ ጀምሮ የተሸረሸሩ ጅረቶቹን በሰፊው አድሷል፤ ወደ ሐይቅ ኦዱቦን የሚወርደው ስኔክደን ብራንች አንዱ ነው። ገንዘቡ የመጣበት መንገድ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ሕግ ግንባታ ሲሠራ ጅረት የሚጎዳ ሰው፣ ሌላ ቦታ የሚጠገን ጅረት ወጪ እንዲሸፍን ሊጠየቅ ይችላል። የሬስተን ጅረቶች የታደሱት በዚህ ዓይነት ክፍያ ነው። ነዋሪው ከኪሱ ሳይከፍል ትልቅ ሥራ ተሠራ። ሥራው ግን ዛፍ ማስቆረጡ አልቀረም፤ በዛፉ ያዘነም ነዋሪ ነበር። ሐይቁን ለማዳን ጫካው ይነካ ወይ የሚለው ክርክር እንደዚህ ባለ ሰፈር ሁሌም አለ። እኔ በበኩሌ ጅረቱ መጠገኑን እደግፋለሁ። ዳርቻው የተቦረቦረ ጅረት ዛፉንም ከሥሩ ነቅሎ ነው የሚጥለው።

ከአፈሩ ሌላ ማዳበሪያ አለ። ሳሩን ለማሳመር የሚበተነው ፎስፈረስና ናይትሮጅን፣ የውሻ ኩስ፣ የዝይ ኩስ፣ ሁሉም በዝናብ ታጥቦ ይገባል። አልጌና የውሃ አረም ይህን ይወዳሉ። በበጋው ሙቀት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሣም ይሞታል። ሐይቆቹ ውስጥ መዋኘት የተከለከለ መሆኑን ብዙ ገዢ የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው። ለዋና ማኅበሩ የሚያስተዳድራቸው ብዙ ገንዳዎች አሉ። በጀልባም ቢሆን በቤንዚን የሚሠራ ሞተር አይፈቀድም፤ መቅዘፊያ፣ ሸራ ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው። እኔ ይህን ደንብ በጣም እወደዋለሁ። ሐይቁ ጸጥ ያለው በዚህ ነው።

ግድቡስ? በቨርጂኒያ እንዲህ ያሉ ግድቦች በስቴቱ የግድብ ደህንነት ሕግ ይገዛሉ። ባለቤቱ የማስተዳደሪያ ፈቃድ ይይዛል፣ በመሐንዲስ ያስመረምራል፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ሰው የሚደነግጥበት አንድ ነገር አለ። ሰነድ ውስጥ ግድቡ “ከፍተኛ አደጋ” በሚለው ምድብ ተጽፎ ብታዩ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። ምድቡ የሚለካው ግድቡ ያለበትን ሁኔታ ሳይሆን ቢፈርስ ከታቹ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ከግድቡ በታች ቤትና መንገድ ካለ ምድቡ ከፍ ይላል፤ ቁጥጥሩና ወጪውም አብሮ ይጨምራል። የግድቡን ሁኔታ ለማወቅ የመጨረሻውን የምርመራ ሪፖርት መጠየቅ ነው።

በሐይቅ አን ዙሪያ ደግሞ ሌላ ቦታ ያላየሁት ነገር ነበር። ሐይቁ ቤት ያቀዘቅዝ ነበር። ሬላክ የሚባል ማዕከላዊ ጣቢያ ውሃ አቀዝቅዞ በመሬት ውስጥ ቧንቧ ወደ ቤቶቹ ይልክ ነበር፤ ከቤቶቹ የተሰበሰበው ሙቀት ወደ ሐይቁ ይለቀቅ ነበር። በ1960ዎቹ የታሰበ ድንቅ ሐሳብ ነው። በየቤቱ ደጅ የሚጮህ የኤሲ ማሽን አልነበረም፤ አደባባዩ ላይ የሚሰማው የሰውና የውሃ ድምፅ ነበር። ነገር ግን ያ ጸጥታ የተጠበቀው በግዴታ ነው። በሥርዓቱ ሥር ያሉ ቤቶች፣ ለሕመም ካልሆነ በቀር፣ የራሳቸውን ኤሲ እንዳይተክሉ በመተዳደሪያ ውሉ ታስረው ነበር። ሥርዓቱ እያረጀ ሲሄድና ዋጋው ሲወደድ ነዋሪው አማራጭ አልነበረውም፤ የዋጋው ክርክር እስከ ስቴቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ደርሷል። በፕላን የተሠራ ሰፈርን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ነገር አሳይ ብባል ይህንን አሳያለሁ።

ገንዘቡና ደንቡ

ኤች ኦ ኤ የምንለውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ብዙዎቻችን እንደ እድር እናየዋለን። መዋጮ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ሕግ አለ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ከእድር መውጣት ይቻላል። ከዚህ ማኅበር መውጣት የሚቻለው ቤቱን በመሸጥ ብቻ ነው። አባልነቱ ከቤቱ ጋር የተሰፋ ነው፤ የገዛ ሁሉ አባል ነው። መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ቤቱ ላይ ዕዳ ይመዘገብበታል፤ ያ ሳይነሳ መሸጥ ያስቸግረዋል።

ሬስተን ከተማ ቢመስልም በሕግ ከተማ አይደለም። በ2020 ቆጠራ 63 ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ ከንቲባ ግን የለውም። ፖሊሱ፣ ትምህርት ቤቱና የንብረት ግብሩ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ሐይቁ፣ ገንዳው፣ በጫካው ውስጥ የሚያልፈው የእግር መንገድና አብዛኛው ክፍት ቦታ ግን የማኅበሩ ነው። ስለዚህ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ለካውንቲው ግብር፣ ለማኅበሩ መዋጮ። የማኅበሩ መዋጮ በቅርብ ዓመታት በዓመት 800 ዶላር አካባቢ ደርሷል።

ብዙ ጊዜ ሦስተኛም አለ። ታውንሃውሶቹ ክላስተር በሚባል ቡድን የተደራጁ ናቸው፤ ክላስተሩ የራሱ ቦርድና የራሱ ክፍያ አለው። የክላስተሩ ክፍያ በረዶ ለማስጠረግ፣ ለመኪና ማቆሚያው፣ ለቆሻሻና ለጋራ ግቢው ይውላል። ክላስተሩ ገንዘብ አጥሮት መንገዱ ቢፈርስ ድንገተኛ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። የሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ወርሃዊ ሒሳብ ስትሠሩ ሁለቱንም ክፍያዎች ጨምሩ። ማስታወቂያው ላይ አንደኛው ብቻ ተጽፎ ብዙ ጊዜ ይታያል።

የማኅበሩ መዋጮ በቤቱ ዋጋ አይለካም። ሐይቁ ላይ የሚያይ ቤትና ሐይቁ የማይታየው ቤት እኩል ይከፍላሉ። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ? የሚቆጨው ሰው አለ። እኔ ግን ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ከሐይቁ ርቆ ያለውም ሰው መንገዱን ይጠቀማል፣ ታንኳውንም ያወርዳል። ደግሞ ሐይቁን የሚሞላው ደለል ከእሱ ሰፈርም ጭምር ነው የሚመጣው። የሐይቅ ዳር ቤት ባለቤት ልዩነቱን አስቀድሞ በመግዣ ዋጋው ከፍሏል፤ በየዓመቱም በቤቱ ግምት መሠረት ለካውንቲው የበለጠ ግብር ይከፍላል።

ደንቡን በተመለከተ፣ ከቤቱ ውጪ የሚታይ ለውጥ ሁሉ የማኅበሩ የዲዛይን ገምጋሚ ቦርድ ጉዳይ ነው። አንድ በር ለመቀባት እንኳ የክላስተሩን የቀለም ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የፈለጋችሁት ቀለም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ ናሙና ታቀርባላችሁ፣ የጎረቤት አስተያየት ይጠየቃል፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። አጥር፣ በረንዳ፣ መስኮት፣ ጀልባ ማሰሪያ፣ ወፍራም ዛፍ መቁረጥ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው። በገዛ ቤቴ ማን ያዘኛል የሚል ሰው እዚህ ይቸገራል። ሳይፈቀድ ተሠርቶ የተገኘ ሥራ ደግሞ ቤቱን ስትሸጡ ይወጣል። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ የሠራው በረንዳ ካለ፣ ካልተጠነቀቃችሁ ችግሩ የእናንተ ነው።

ማኅበሩ ትልቅ ነገር የሚወስነው በድምፅ ነው። በ2015 ሐይቅ ኒውፖርት ዳር ያለ አንድ ሕንፃ በ2.65 ሚሊዮን ዶላር ይገዛ ወይ ተብሎ ለነዋሪው ቀረበ፤ ድምፁ አለፈ። ዛሬ ሌክ ሃውስ ይባላል። የእድሳቱ ወጪ ግን ከተያዘለት በጀት አለፈና ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ማኅበሩ የውጭ ባለሙያ ቀጥሮ አስመረመረው። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ የማንም ሳይሆን የአባላቱ ነው። እኛ ሐበሾች እንዲህ ያለ ምርጫና ስብሰባ ላይ እምብዛም አንታይም። ሥራ ይበዛል፣ ሁለት ሺፍት የሚሠራ አለ፣ እንግሊዝኛውም ለአንዳንዱ ይከብዳል። ግን ድምፁ ለቤቱ የተሰጠ ነው፤ ካልተጠቀማችሁበት ሌላው ይወስንላችኋል።

ከመፈረም በፊት

የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳት አይሸፍንም። ለብቻው ነው የሚገዛው። በፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም በኩል ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ለሞርጌጅ ተብሎ ከክሎዚንግ (ከመጨረሻው የቤት ርክክብ) ጋር ከተገዛ ግን ወዲያው ይጀምራል። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ሁሉ የጎርፍ ቀጠና ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ግድብ ያለው ሐይቅ የውሃ ከፍታው ቁጥጥር አለበት፤ ከግድቡ በታች በጅረት ዳር ያለ ቤት ይበልጥ ሊያሰጋ ይችላል። የፌደራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ የፌማን፣ የጎርፍ ካርታ በአድራሻው አውጥታችሁ እዩ፤ በነፃ ነው።

ዋናው ግን የሽያጭ ሰነዱ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ ያለ ቤት ሲሸጥ፣ ሻጩ የማኅበሩን ማስረጃ ለገዢው ማቅረብ አለበት። መተዳደሪያ ውሉ፣ ደንቡ፣ በጀቱ፣ ያልተከፈለ መዋጮ ካለ፣ የተመዘገበ የደንብ ጥሰት ካለ፣ ሁሉም ይገኝበታል። ክላስተር ካለ የክላስተሩም ሰነድ ለብቻው ይመጣል። ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ ሰነዱ ሲደርሳችሁ በ3 ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ። ቀኑ በውሉ እስከ 7 ሊራዘም ይችላል፤ ሪልተራችሁ ከመጀመሪያው እንዲያስገባው ንገሩት። ሰነዱ መቶ ገጽ ሊያልፍ ይችላል፤ በኢሜይል ይመጣና ብዙ ሰው ሳይከፍተው ቀኑ ያልፋል። ከቻላችሁ የአንድ ቀን ሥራ ተዉና የሕግ እንግሊዝኛ ከሚያነብ ዘመድ ጋር ተቀመጡ።

ሁሉን ማንበብ ካልቻላችሁ መጀመሪያ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናቱን ፈልጉ። ሕጉ ማኅበራት ቢያንስ በ5 ዓመት አንዴ እንዲያስጠኑት ያዛል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ የጋራ ንብረት ተዘርዝሯል፤ መቼ እንደሚታደስ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ ስንት እንደተቀመጠለት። ግድብ የሚለውን መስመር እዩ። ደለል የማውጣት ሥራ በየትኛው ዓመት እንደታሰበ እዩ። ከክላስተሩ ሰነድ ደግሞ አስፋልቱንና የውሃ ዳሩን ግንብ ተመልከቱ። ሥራው በሚቀጥለው ዓመት ሆኖ የተቀመጠው ገንዘብ ግማሹን እንኳ ካልሞላ ጎዶሎውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ቀኑ ሳያልቅ ለሻጩ ያንን ቁጥር አሳዩና ዋጋ ቀንስ በሉት፤ እምቢ ካለ ውሉን በጽሑፍ አፍርሱ።